ለጎንደር ግቢ ሣር የስፕሪንክለር ዕቃ አመራረጥ

ስፕሪንክለር ሊገዛ የወጣ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ውሃ የሚረጨው ራስ ላይ ነው፦ ስንት ሜትር ይደርሳል? ይዞራል ወይ? ፕላስቲክ ነው ወይስ ነሐስ? ጎንደር ላይ ግን እሱ መመረጥ ያለበት በመጨረሻ ነው። የመስመር ውሃ በተራ በሚመጣበት ከተማ ሁሉን የሚወስነው ታንከሩ ነው። ታንከሩ ለሣር ስንት ሊትር ሊለቅላችሁ እንደሚችል ሳታውቁ ፓምፕ አትምረጡ። ፓምፑ በስንት ግፊት ስንት ሊትር እንደሚሰጥ ሳትለኩ ኖዝል (ራሱ ላይ የሚገጠመውን፣ ውሃው የሚረጭበትን ጫፍ) አትግዙ። የኖዝሎቹን ድምር ሳታውቁ ቱቦ አታስቆርጡ።

የውሃው ሂሳብ

አንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሚሊሜትር ውሃ ማለት አንድ ሊትር ነው። ሌላው ሂሳብ ሁሉ ከዚህ ይነሣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ስለሚሸፍነው ጉዳያችን በጋው ነው። ከበጋውም የሚከብደው መጋቢትና ሚያዝያ ሲሆን፣ በዚያ ወቅት ሣር ለምለም ሆኖ እንዲቆይ በሳምንት 25 ሚሊሜትር ገደማ ይፈልጋል። ሰርዶ ከዚህ ባነሰም ሳይሞት ይቆያል፤ ቢጫ ይሆናል እንጂ ሥሩ አይደርቅም። የኪኩዩ ሣር ግን ውሃ ሲጎድልበት ቶሎ ያስታውቃል።

ለምሳሌ 6 ሜትር በ12 ሜትር የሆነ ሣር እንውሰድ፤ 72 ካሬ ሜትር ነው። 72 በ25 ሲባዛ 1,800 ሊትር በሳምንት ይሆናል። በነፋስና በትነት የሚባክነው ሲታሰብ ወደ 2,100 ሊትር ይጠጋል። ስለዚህ ይህ ሣር በየሳምንቱ አንድ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ጠጥቶ ይጨርሳል ማለት ነው። ቤተሰቡ የሚታጠብበትና የሚያበስልበት ውሃ ከዚያው ሮቶ የሚቀዳ ከሆነ፣ መልሱ የተሻለ ስፕሪንክለር መግዛት ሳይሆን ሣሩን መቀነስ ነው። 25 ካሬ ሜትር ሣር በዚያው ስሌት በሳምንት ከ750 ሊትር ትንሽ ያንሳል። የቀረውን ቦታ ድንጋይ አንጥፉበት፤ አበባና ቁጥቋጦ ካለበትም በጠብታ መስኖ ይጠጣ። የልብስና የዕቃ እጣቢ በስፕሪንክለር አይረጭም፤ ኖዝሉን ይደፍናል፣ የቆሸሸ ጤዛም አየር ላይ ይበትናል። እጣቢውን ለዛፍ ሥር በባልዲ ስጡት።

ቆጥ ላይ ያለ ታንከር ለምን አይበቃም

የፋሲለደስ መዋኛ ለጥምቀት የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ በቦይ እየወረደ በሚመጣ ውሃ ነው፤ ገንዳ ለመሙላት የውሃው ቁልቁለት ብቻ ይበቃል። ስፕሪንክለር ግን የሚሠራው በግፊት ነው። አሥር ሜትር ከፍታ የሚሰጠው አንድ ባር ግፊት ነው። ሦስት ሜትር ቆጥ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ሣሩ ዘንድ የሚያደርሰው 0.3 ባር፣ ሞልቶ ቢሆን 0.4 ባር ገደማ ነው። ቋሚ መርጫ 2 ባር አካባቢ፣ ቀጫጭን ጅረት እያዞረ የሚረጭ ኖዝል 2.8 ባር፣ በማርሽ የሚዞር ትልቅ ራስ 3 ባር ይፈልጋል። ቆጡን በአንድ ሜትር ማሳደግ የሚጨምረው 0.1 ባር ብቻ ስለሆነ ለብረታ ብረት ሠራተኛ የምትከፍሉትን ለፓምፕ አውሉት።

ፓምፑን ከመስመሩ ቧንቧ ጋር በቀጥታ አታገናኙ። ውሃ በሌለበት ሰዓት አየር ይስባል፣ በተሰነጠቀ መገጣጠሚያ በኩል ቆሻሻ ወደ መጠጥ ውሃ ያስገባል፣ የጎረቤትንም ድርሻ ይቀማል። መስመሩ ታንከሩን ይሙላ፣ ፓምፑ ከታንከሩ ይሳብ። ታንከሩን የሚሞላው ቧንቧ አፉ ከውሃው ወለል በላይ ይሁን፤ በመሃል ያለው ክፍተት የግቢው ውሃ ወደ መስመሩ እንዳይመለስ የሚከለክል ከሁሉ የሚታመን መከላከያ ነው።

ፓምፕ

ጎንደር ከባህር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ይበልጣል፤ አዘዞ ዝቅ ቢልም ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። ይህ ለፓምፕ ሦስት ነገር ይለውጣል። አንደኛ፣ አየሩ ስለሚሳሳ የመሳብ አቅም ይቀንሳል። በባህር ዳርቻ ውሃ ተስቦ ሊወጣ የሚችለው የመጨረሻ ከፍታ 10.3 ሜትር ሲሆን እዚህ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል፣ በተግባርም ከ4 እና 5 ሜትር በላይ ማሰብ አይገባም። ስለዚህ ፓምፑን ከታንከሩ ግርጌ፣ ከውሃው ወለል በታች አስቀምጡት፤ ውሃው ራሱ ወርዶ ይግባለት። ከመሬት በታች ካለ ጉድጓድ የምትስቡ ከሆነ የመሳቢያው ቱቦ አጭርና ወፍራም ይሁን፣ ጫፉም የማይመልስ ቫልቭ ይኑረው። ሁለተኛ፣ አብዛኛው የኤሌክትሪክ ሞተር የተሰላው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ለሚሠራ ነው፤ ቀጭን አየር በደንብ አያቀዘቅዘውም። ፀሐይ በሚያገኘው ዝግ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ካስቀመጣችሁት ጥቅልሉ ይቃጠላል። ጥላ ያለውና ጎኑ ክፍት የሆነ ሽፋን ሥሩለት። ሦስተኛ፣ በቤንዚን የሚሠራ ፓምፕ በዚህ ከፍታ ጉልበቱን አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል።

ፓምፑ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ስታነቡ ተጠንቀቁ። «40 ሜትር፣ 40 ሊትር በደቂቃ» የሚል ባለ ግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አይሰጥም። 40 ሜትር የሚገፋው ምንም ውሃ ሳያወጣ ነው፤ 40 ሊትር የሚያወጣውም ምንም ከፍታ ሳይገፋ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበትን የሚነግራችሁ ሰንጠረዡ ወይም ካርቶኑ ላይ ያለው የተጠማዘዘ መስመር ነው። ሻጩ ሰንጠረዥ ከሌለው እንዲህ ለኩ፦ ከፓምፑ መውጫ ቀጥሎ ቲ ግጠሙ፣ በቲው ላይ እስከ 6 ባር የሚያነብ የግፊት መለኪያ፣ ከዚያ ቦል ቫልቭ፣ ከዚያ አጭር ጎማ። ፓምፑን አስነሡና መለኪያው 3 ባር እስኪያነብ ቫልቩን ቀስ እያላችሁ አጥብቡ። እዚያው ላይ አቁማችሁ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ሰኮንድ እንደሚሞላ ቁጠሩ። በ80 ሰኮንድ ከሞላ 15 ሊትር በደቂቃ ነው። ከዚህ አራት አምስተኛውን ብቻ ያዙ፤ 12 ሊትር። ቀሪው ለቮልቴጅ መውረድና ለፓምፑ እርጅና ነው።

ለምሳሌው ሣር የሚያስፈልገው ግፊት እንዲህ ይደመራል፦ ኖዝሉ ላይ 28 ሜትር፣ በቱቦ የሚጠፋ 1 ሜትር፣ በማጣሪያና በቫልቭ 3 ሜትር፣ ግቢው ሽቅብ ከሆነ የከፍታው ልዩነት፣ ለምሳሌ 2 ሜትር። 34 ሜትር ሆነ። በ12 ሊትር ፍሰት 34 ሜትር ለመስጠት ከላይ የጠቀስነው ግማሽ ፈረስ ጉልበት አይደርስም፤ ባለ 0.75 ይሻላል። አንድ ፈረስ ጉልበት ያለው ደግሞ በዚህ ትንሽ ፍሰት ከ5 ባር በላይ ሊገፋ ይችላል። ያኔ ውሃው ጠብታ መሆኑ ቀርቶ ጉም ይሆንና ነፋስ ይወስደዋል። ያንን ከገዛችሁ ውስጡ ግፊት መቆጣጠሪያ ያለው፣ 2.8 ባር ላይ የሚይዝ ቀፎ (ኖዝሉ የሚገጠምበት የራሱ አካል) ምረጡ።

ከፓምፑ ጋር ሳይረሱ የሚገዙ፦ ታንከሩ ሲያልቅ ፓምፑን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያ፣ የቮልቴጅ መጠበቂያ፣ በ30 ሚሊአምፒር የሚቆርጥ አርሲዲ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያፈስ ወዲያው የሚያጠፋ) እና የመሬት ሽቦ። እርጥብ ሣር ላይ ቆሞ ፓምፕ ለሚነካ ሰው የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አይታለፉም።

ኖዝል

እዚህ ላይ ምርጫው በዋናነት በሁለት መካከል ነው። ቋሚ መርጫ ርካሽ ነው፣ ነገር ግን ውሃ ይበላል፦ 4.5 ሜትር ገደማ የሚደርሰው፣ ሩብ ክብ ሲረጭ 3.5 ሊትር፣ ግማሽ ክብ 7 ሊትር፣ ሙሉ ክብ 14 ሊትር በደቂቃ። መሬቱ ላይ የሚያወርደው በሰዓት 40 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ቀጫጭን ጅረቶች እያዞረ የሚረጨው ኖዝል፣ 6 ሜትር የሚደርሰው መጠን፣ በ2.8 ባር ሩብ ክብ 1.5 ሊትር፣ ግማሽ ክብ 2.9 ሊትር ብቻ ይወስዳል፣ በሰዓት የሚያወርደውም 10 ሚሊሜትር ገደማ ነው።

ለጎንደር ሁለተኛውን ምረጡ። ዋጋው ይበልጣል፣ ግን በትንሽ ፓምፕ ብዙ ራስ ያሠራል። ሌላው ምክንያት አፈሩ ነው። ዋልካ አንዴ ከራሰ በኋላ በሰዓት 5 ሚሊሜትር እንኳ ለመምጠጥ ይቸገራል፤ 40 ሚሊሜትር ሲወርድበት በደቂቃዎች ውስጥ ውሃው ወደ መንገድ ይፈሳል። ተዳፋት በሆነ ግቢ ደግሞ ይብሳል። በ10 ሚሊሜትሩም ቢሆን አንድ ሰዓት በአንድ ትንፋሽ አታጠጡ፤ 20 ደቂቃ አጠጡ፣ 40 ደቂቃ አሳርፉ፣ እንዲህ ሦስት ጊዜ። ዋልካው ተሰነጣጥቆ ከሆነ የመጀመሪያው ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ከሥሩ በታች ይቀራል፤ ስለዚህ ጥቅምት ላይ፣ ሳይሰነጠቅ ጀምሩ።

እየተንኳኳ የሚዞረው የነሐስ ስፕሪንክለር የእርሻ ዕቃ ነው። አንዱ ብቻውን ከ10 ሊትር በላይ ይጠጣል፣ ከ8 ሜትርም አልፎ ይረጫል። ጠባብ ግቢ ውስጥ ግድግዳና አላፊ አግዳሚ ያረጥባል።

አደራደር

ሕጉ አንድ ነው፦ የአንዱ ራስ ውሃ የጎረቤቱ ራስ እግር ድረስ ይድረስ። 6 ሜትር የሚደርስ ከሆነ በ6 ሜትር ርቀት ይተከላል። «ውሃው ከተነካካ ይበቃል» ብሎ በ12 ሜትር የሚተክል ሰው ሚያዝያ ላይ አረንጓዴ ክቦችና በመካከላቸው የደረቁ ጥጎች ይቀሩታል። የእኛ 6 በ12 ሣር በአራቱ ማዕዘን አራት፣ በረጅሞቹ ጎኖች መሃል ሁለት፣ በጠቅላላ ስድስት ራስ ይወስዳል። የውሃ ድምሩ አራት ጊዜ 1.5 እና ሁለት ጊዜ 2.9 ነው፤ 11.8 ሊትር በደቂቃ። ከለካነው 12 ሊትር ጋር ይገጥማል፣ ስለዚህ አንድ መስመር ይበቃል። በሰዓት 708 ሊትር፣ ለ72 ካሬ ሜትር ሲካፈል 9.8 ሚሊሜትር። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ በድምሩ አንድ ሰዓት ብታጠጡ 2,124 ሊትር ነው። ያው መጀመሪያ ያሰብነው አንድ ሮቶ። በቋሚ መርጫ ቢሆን እነዚሁ ስድስት ራሶች 28 ሊትር በደቂቃ ይጠይቃሉ፣ 6 ሜትርም አይደርሱም።

ቀፎውን በተመለከተ፣ ከመሬት 10 ሴንቲሜትር ብቅ የሚለው ለሰርዶ ይበቃል። ኪኩዩ ጥቅጥቅ እያለ ስለሚነሣ ባለ 15ቱ ይሻላል፣ አለዚያ በዓመቱ ውሃው ሣሩን እየመታ ይመለሳል። ግቢያችሁ ተዳፋት ከሆነ የማይመልስ ቫልቭ ያለበትን ቀፎ ግዙ። ያ ከሌለ ፓምፑ በጠፋ ቁጥር ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ሁሉ በታችኛው ራስ ተንጠባጥቦ ያልቃል፣ ከሥሩም ጭቃ አይጠፋም።

ቱቦና መገጣጠሚያ

ለመሬት ውስጥ ጥቁሩን ጥቅል ፖሊኢትሊን ምረጡ። ጠንካራው ፒቪሲ በዋልካ ውስጥ አይበረክትም፤ አፈሩ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሸሻል፣ መጋጠሚያው ላይ ይሰብረዋል። ጥቁሩ ቱቦ ግን አብሮ ይለመጣል። ስፋቱ 25 ሚሊሜትር ይሁን። በ12 ሊትር ፍሰት 30 ሜትር ርዝመት ላይ 25ቱ ከ1 ሜትር ያነሰ ግፊት ያጠፋል፤ 20ው ከ2 ሜትር በላይ፤ የተለመደው የግማሽ ኢንች ጎማ ግን 7 ሜትር ገደማ ይበላል። ስለዚህ ፓምፑን ባለ ሁለት እጥፍ ከመቀየር በፊት ቱቦውን ማስፋት ይቀላል።

ለምሳሌው የሚገዛው፦ 50 ሜትር ጥቅል ቱቦ፤ አንድ ባለ 25 ቲ ከአጭሩ ጎን መሃል ላይ መስመሩን ለሁለት የሚከፍል፤ ሁለት ኤልቦ ለማዕዘኖቹ፤ አራት መሃላቸው የግማሽ ኢንች የውስጥ ጥርስ ያላቸው ቲ፤ ለመስመሩ መጨረሻ ሁለት የውስጥ ጥርስ ያላቸው ኤልቦ። ከቲው ወደ ቀፎው በቀጥታ በብረት ኒፕል አትግጠሙ፤ ሰው ሲረግጠው ወይም ጋሪ ሲያልፍበት ቲው ይሰነጠቃል። 30 ሴንቲሜትር ለስላሳ ቱቦ ከሁለት ትናንሽ ኤልቦ ጋር በመሃል አስገቡ፤ ራሱን ከሣሩ ወለል ጋር እኩል ለማድረግም ያመቻል። ከዚህ ሌላ ሁለት ቦል ቫልቭ፣ ከፓምፑ ቀጥሎ አንድ የማይመልስ ቫልቭ፣ ፓምፑን ሳይቆርጡ ለመፍታት ሁለት ዩኒየን፣ በቂ ቴፍሎን። ራሶቹና ኖዝሎቹ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ከሆነ ከእያንዳንዱ ሁለት መለዋወጫ ጨምሩ።

ጥርስ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የአሜሪካ ሥሪት ስፕሪንክለር የአሜሪካን ጥርስ ይዞ ይመጣል፤ ከሌላ አገር የሚመጣው የቧንቧ ዕቃ ግን በአብዛኛው የእንግሊዝ ጥርስ ነው። በግማሽና በሦስት አራተኛ ኢንች ሁለቱም በአንድ ኢንች 14 ጥርስ ስላላቸው በቴፍሎን ይያያዛሉ። በአንድ ኢንች ግን አንዱ 11 ተኩል፣ ሌላው 11 ነው፤ ሁለት ዙር ይገባና ይጠብቃል፣ በኃይል ሲገፉት ፕላስቲኩን ይበላዋል። ባለ አንድ ኢንች ቫልቭ ስትገዙ መገጣጠሚያውን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው በእጅ አዙራችሁ ሞክሩ። ኖዝልና ቀፎም እንዲሁ ነው፤ የሀንተርና የሬይን በርድ ኖዝል የውስጥ ጥርስ አለው፣ የቶሮ የውጭ ጥርስ አለው፣ ስለዚህ ኖዝሉን ከቀፎው ጋር አብራችሁ ግዙ።

ማጣሪያና ሰዓት

ማጣሪያው ባለ 120 ሜሽ (ሜሽ የቀዳዳው ጥቃቅንነት መለኪያ ነው) የዲስክ ይሁንና ከፓምፑ በኋላ ይገጠም። ከፓምፑ በፊት ጥቅጥቅ ያለ ማጣሪያ ከገጠማችሁ ሲደፈን ፓምፑ አየር ይስባል፤ እዚያ ሸካራ ወንፊት ይበቃል። የክረምት ውሃ ደፍርሶ ስለሚገባ መስከረም ላይ የሮቶውን ግርጌ ዝቃጭ አጥባችሁ አውጡ። በግማሽ ፈረስ ጉልበት ትንንሽ ፓምፖች ውስጥ መዘውሩና ግድግዳው በጣም ስለሚቀራረቡ ጥቂት አሸዋ ያበላሻቸዋል።

ሰዓቱን፣ ማለትም ውሃውን በተሞላለት ሰዓት የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ዕቃ በተመለከተ፣ በእጅ መክፈት የማትችሉ ካልሆነ በቀር ግድ አይደለም። ከገዛችሁ መብራት ቢጠፋም እንዳይረሳ በባትሪ የሚሠራውን ምረጡ። ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት እንዲጀምር ከፈለጋችሁ 5፡00 ብላችሁ ሙሉ። 11፡00 ብትሉት ረፋድ 5 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይና ነፋስ በወጣበት ይጀምራል። ቫልቩ ሲከፈት ፓምፑ በራሱ እንዲነሣ ደግሞ በግፊት መውረድ የሚያበራ መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል።

አገጣጠምና ብልሽት

ቦዩን ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር ቆፍሩ፣ ከቱቦው ሥር ድንጋይ አትተዉ። ቱቦውን ከገጠማችሁ በኋላ ኖዝል ሳታስገቡ ፓምፑን አስነሡና ከእያንዳንዱ ቀፎ ንጹሕ ውሃ እስኪወጣ አፍስሱ። ይህን የዘለለ ሰው የፕላስቲክ ፍቅፋቂውን በሙሉ ኖዝሉ ውስጥ ያገኘዋል። ቀጥሎ ኖዝሉን ግጠሙ፣ አንግሉን አስተካክሉ፣ ቦዩን ሳትደፍኑ አንድ ሰዓት አሠርታችሁ ፍሳሽ ፈልጉ፣ ከዚያ ድፈኑ።

እኩል መርጨቱን ለማወቅ አሥር ያህል ተመሳሳይ የድልህ ጣሳ በሣሩ ላይ በትኑ፣ 20 ደቂቃ አጠጡ፣ ጥልቀቱን በማስመሪያ ለኩ፣ በሦስት አባዙ። በሰዓት የሚወርደው ሚሊሜትር ይህ ነው። ከአንዱ ጣሳ ሌላው ከእጥፍ በላይ ከያዘ አንድ ነገር ትክክል አይደለም። ራሱ ዙሪያ ደርቆ ራቅ ብሎ ቀለበት ከሠራ ግፊት አንሷል፤ ማጣሪያውን እዩ፣ ቀጥሎ ቮልቴጁን። ጉም ከሆነ ግፊት በዝቷል። ብቅ ያለው ራስ ተመልሶ ካልገባ አሸዋ ይዞታል፤ አስነሡትና በእግር እየተጫናችሁ ሁለት ሦስቴ አፍስሱ፣ በዘይት አትቀቡት፣ ዘይት አቧራ ይሰበስባል። ፓምፑ በየደቂቃው የሚነሣና የሚጠፋ ከሆነ ወይ ቱቦው ያፈሳል፣ ወይ የማይመልሰው ቫልቭ ላይ ቆሻሻ ተቀምጧል።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጠነክር የሰዓቱን ባትሪ አውጡ፣ ማጣሪያውን አጥባችሁ መልሱ፣ ቦል ቫልቩን ዝጉ። ፓምፑን ግን እስከ መስከረም እንዳትረሱት፤ በወር አንድ ጊዜ ውሃ ሞልታችሁ ለአምስት ደቂቃ አሠሩት፣ አለዚያ መዘውሩ ዝጎ ይጣበቃል።